ቅቤ የጠጣ ዲስኬት

ድስት ገዝቼ አውቃለሁ፤ ሰዓትም ገዝቼ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲመቱት ብቻ የሚናገር ራዲዮ ገዝቼ አውቃለሁ። ድስት ድስት ነው። ቤት ወስዳችሁ ክዳኑን ብታነሡት፣ ውስጡ የማታውቁት ሰው ቁጭ ብሎ «ማን ናችሁ? ምን ፈልጋችሁ ነው?» አይላችሁም። በዚህ ኮምፒዩተር በሚሉት ነገር እስከ ዛሬ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ሣጥኑ ሌላ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚያዘው ሌላ! ሣጥኑን የሰጣችሁ ሰው አዛዡን ሳይጠይቃችሁ አስገብቶ ይሰጣችኋል። አዛዡ ካልተስማማችሁ አስወጥታችሁ ሌላ ታስገባላችሁ ይላሉ፤ እንዲህ ቀላል ይመስል።

ማስወጣት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ የጓሮ ክፍሌን ወስዶ የኪነት ቡድኑን ጡሩምባ ነፊ አስገባበት። ሰውዬው ማለዳ ማለዳ ጡሩምባውን ሲያለማምድ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ። ላስወጣው ቀበሌ ተመላለስኩ፤ ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻ የወጡት ዶሮዎቹ ናቸው። እንግዲህ የሚታይ ሰው ማስወጣት እንዲህ ከሆነ፣ የማይታየውን ማስወጣት እናንተው ገምቱት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አፌ አሁንም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ልጄ ጽጌ እዚያው ከተማ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ባሏ ዘምቶ ሰሜን ነው። እሷና ልጆቿ እኔው ዘንድ ነበሩ፤ ቤቱ ይጮሃል፣ ወንበሩ ይሰበራል፣ እኔም ስቆጣ እውላለሁ። ደስታ ማለት እሱ እንደሆነ የሚገባን ሊወሰድብን ሲል ነው።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ከወዳጅ አገር፣ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ኮምፒዩተር በስጦታ መጣለት። እንደ ሙሽራ ተቀበሉት። ሙቀት አይወድም ተባለና ቢሮው ውስጥ የነበረችው አንዲት ቬንቲሌተር ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ተነሥታ ለእሱ ተሰጠች። ሥራ አስኪያጁ በዚያ የናዝሬት ሙቀት በጋዜጣ እያራገበ ይፈርማል፤ ማሽኑ ነፋስ ይቀበላል። ይህን ስሰማ ነው መጀመሪያ የከፋኝ። ከሰው በላይ ነፋስ የሚሰጠው ዕቃ መጨረሻው አያምርም።

እውነትም አላማረም። ማሽኑን ሲያስነሡት ጀርመንኛ ተናገረ። ቢነኩት ጀርመንኛ፣ ቢለምኑት ጀርመንኛ። ጽጌ አዲስ አበባ ተልካ ስትሠለጥን የተማረችው በሌላ ዓይነት ነው፤ ያኛው ፊደላችንን ያውቃል፣ በአማርኛ ይጽፋል። ይኸኛው «ሀ»ን ቢያሳዩት አያውቃት።

ሥራ አስኪያጁ ግን ይህን መስማት አልፈለገም። ላቡን እየጠረገ እንዲህ አላት አሉ፦ «ጓዲት ጽጌ፣ የበላይ ጓዶች ሊጎበኙት ይመጣሉ። ሠልጥነሻል ተብሎ ተጽፎልሻል። ማሽኑን ካላሠራሽው ቦታውን ለሚችል ትለቂያለሽ፤ አንቺ ሰው በሚጎድልበት ትመደቢያለሽ።»

«የት ነው የሚጎድለው?»

«አሶሳ።»

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ስለዚህ አለቀስኩ አላለቀስኩ ማንም ሊያጣራ አይችልም። አሶሳ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጆቿን ይዛ የምትሄድበት መሆኑን ግን አወቅሁ። ሰው ባልሆነ፣ እንጀራ በማይበላ፣ ጀርመንኛ በሚያወራ ሣጥን ምክንያት ቤቴ ጭር ሊል!

ጎረቤታችን ኤርሚያስ ራዲዮ ይጠግናል፤ የኤሌክትሪክ ነገር የተባለ ሁሉ ይታዘዝለታል። ጴንጤ ስለሆነ ቀበሌ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል፤ መዝሙር ያለበት ካሴት ይዘህ ተገኘህ ተብሎ አንድ ጊዜ ታስሮም ያውቃል። ውሸት አይናገርም። ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን አደገኛ በሽታ ነበር።

ጽጌ ጠጋኝ ነው ብላ ቢሮ አስገባችው፤ ማሽኑን አየና መጣ። «እማማ፣ አይጨነቁ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሲስተሙን ነው የምንለውጠው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ሲነቃ መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው። ያለ እሱ እጁንም እግሩንም አያንቀሳቅስም። የጀርመኑን አውጥተን አማርኛ የሚያውቀውን እናስገባለታለን።»

«በል እንግዲህ! አንተ ሃይማኖትህን መለወጥህ አልበቃህም፤ አሁን ደግሞ የመንግሥትን ዕቃ ልታስለውጥ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ትንሽ ብቻ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሮጦ መጣ። «አስወጣሁት፣ እማማ! የጀርመኑ ጠፍቷል፤ ዱካውም የለ!»

«ተመስገን። አዲሱ ገባ?»

«አዲሱ ወለንጪቲ ነው።»

ቁጭ አልኩ። «የት?»

«ወለንጪቲ የእርዳታ ቢሮ አለ። እዚያ ያለው ሒሳብ ያዥ ከጽጌ ጋር አብሮ የሠለጠነ ነው፤ የእነሱ ማሽን አሜሪካን ሠራሽ ነው። በዲስኬት ገልብጦ ሊሰጠን ተስማምቷል።»

«አንተ ልጅ! አዲስ ቆርቆሮ ሳታመጣ አሮጌውን ጣራ ታፈርሳለህ? እንግዶቹ እኮ ነገ ጠዋት ነው የሚመጡት!»

«ቦታ እንዲለቅ ብዬ ነው...»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን የምሰማው ስለ ሴት ብቻ ነበር። ለካ ወንዶችም ይጥላሉ፤ ያውም የሰው ብብት ውስጥ ያለውን። አሁን ጀርመንኛም የለ፣ አማርኛም የለ፤ ከወዳጅ አገር የመጣው ሙሽራ ድዳ ሆኖ ነፋስ ይበላል።

ማን ሄዶ ያምጣ? ጽጌ ከቢሮ ንቅንቅ አትበዪ ተብላለች። ኤርሚያስ እንዳይሄድ፣ ከወለንጪቲ ሲመለሱ መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣውን ኮንትሮባንድ የሚጠብቁ ፊናንሶች አውቶቡሱን ይበረብሩታል። በካሴት የታሰረ ሰው የአሜሪካን ዲስኬት ይዞ ቢገኝስ? እሱ ከታሰረ ደግሞ ዲስኬቱን ማን ያስገባዋል?

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። «ዛሬ እዚያ ገበያ ነው። አሮጊት ማን ይፈትሻል?»

የዚህችን አነጋገር ዕዳ እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ወለንጪቲ ደርሼ ቢሮውን አገኘሁት። ሒሳብ ያዡ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነው። ሲስተም ሲሉኝ እኔ በልቤ ቢያንስ የመኪና ባትሪ የሚያክል ነገር ጠብቄ ጠንካራ ዘንቢል ይዤ ነበር የሄድኩት። አንድ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ቂጣ የሳሳ ነገር በወረቀት ከረጢት አድርጎ ሰጠኝ። ጀርመኑን የሚተካው አዛዥ ይኸው ነው። ናቅሁት።

«እማማ፣ እንዳይታጠፍ» አለኝ።

«እሺ።»

«ፀሐይ እንዳይመታው።»

«እሺ።»

«አቧራ እንዳይነካው።»

«እ... ሺ።»

«ሙቀት ያለበት አይቀመጥ። እርጥበትም አይወድም። ማግኔት አይጠጋው።»

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ አገሩ የት ነው?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ፀሐይ አይምታው፣ አቧራ አይንካው፣ ሙቀት አያግኘው ካልከኝ፣ ናዝሬት መግባቱ ቀርቶ ከዚህ በር እንዳልወጣ ነው የከለከልከኝ።»

ሳቀ። የተማረ ሰው እውነት ሲነግሩት ለምን እንደሚስቅ አይገባኝም።

ዲስኬቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዘንቢሌ ውስጥ አስተኛሁት፤ ከላይ ጎመን አለበስኩት። ቀጥታ ወደ አውቶቡሱ ብሄድ ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ወለንጪቲ ሄዶ አዴ ቢፍቱን ሳይጠይቁ መምጣት አለ? ስንት ዘመን ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት! ከሩቅ አየችኝ።

«አካም ጅርታ! አንቺ ሴት፣ የት ጠፋሽ?»

«ፈያ! አለሁ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ቢፍቱ።»

«መቸኮል ምንድን ነው? ፀሐዩ አናትሽን በልቶታል። ዝቅ በይ ልቀባሽ።»

«ኧረ አውቶቡስ ያመልጠኛል...»

«ደንበኛዬ ደረቅ ራስ ይዛ ከኔ ዘንድ ተነሥታ ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል? ቅቤ ሻጭ ነኝ እኮ!»

ሻሼን ፈትታ፣ ከዚያ ለጋ ቅቤ ጭልፋ የሚያህል ቆርሳ አናቴ ላይ ጠፍ አደረገችው። ቀዘቀዘኝ። ደስ አለኝ፤ መቼም አልዋሽም። ሻሼን አስሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ገና መንገድ ስንጀምር ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ ታወራለች፦ «ዛሬ ፊናንሶቹ እሳት ጎርሰዋል። አንዷን ዘንቢሏን ገልብጠው፣ ጎመኗን ቅጠል በቅጠል ፈተሹት።»

ጎመን! ቅጠል በቅጠል! ጎመኔን አየሁት፤ ጎመኔም አየኝ። የአሜሪካን ዕቃ፣ ያውም የተደበቀ፣ ያውም የመንግሥት ማሽን ሊገባ! የጽጌን ስም ያነሡብኛል፤ አሶሳም ቀርቶ ሌላ ይመጣል። የት ልደብቀው? ብብት ይፈተሻል፤ መቀነት ይፈተሻል። የአሮጊት ራስ ግን ማን ይነካል? ነውር ነው። ሻሼን ላላ አደረግሁና ዲስኬቱን ከነወረቀቱ አናቴ ላይ አስቀምጬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ ዘውድ ተመቸው።

ቅቤውን ረሳሽው ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሁሉም ይጠይቀኛል። አልረሳሁትም! ቅቤው ረግቷል፣ ዲስኬቱ ወረቀት ለብሷል፣ ኬላው ቅርብ ነው፤ እሱን አልፌ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። ያላሰብኩት የሰው ልጅን ደግነት ነው።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፊናንስ ገባ። እኔ አንገቴን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

«እማማ፣ ምን ሆነዋል?»

«ራሴን ነው፣ ልጄ።»

ፊቱ ተለወጠ። «እናቴንም እንዲህ ነው የሚያደርጋት። እዚህ ኋላ ታፍነው እንዴት ይችሉታል? ወደ ፊት ይምጡ፣ ነፋስ ያገኛሉ።»

«ኧረ ተወኝ፣ እዚሁ ደህና ነኝ።»

«አይሆንም! እናቶች ይከበራሉ!»

«ይሂዱ እንጂ፣ እማማ!» አለ አውቶቡሱ ሁሉ በአንድ አፍ። ክፉ ሰው ቢከብባችሁ ትጮሃላችሁ፣ ታመልጣላችሁ። ደግ ሰው ሲከብባችሁ ማምለጫ የለም። ደግፈው፣ አቅፈው፣ ከሾፌሩ ጎን የሞተሩ ክዳን ላይ ጋቢ አንጥፈው አስቀመጡኝ። እዚያ የነበረው ወፍራም ነጋዴ እንዲነሣ ሲደረግ ከእግሩ ሥር የተደበቀ የኮንትሮባንድ ቡና ከረጢት ተገኘበትና ከአውቶቡሱ ወረደ። በር ላይ ሆኖ «በእርስዎ ራስ ምታት ነው የተያዝኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። የእኔን ዘንቢል ግን ፊናንሱ አላየውም። ጎመኔን በዓይኑ እንኳ አልነካትም።

እንግዲህ አስቡት። ከታች ሞተሩ ይጋገራል፤ ከፊት የዚያ ቆላ ፀሐይ በመስታወቱ ገብቶ ይለበልበኛል። ሻሼን ልፈታ እንዳልል ሾፌሩ እያየኝ ነው፤ ሰውም «ይሻልዎታል?» እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ቅቤው መጀመሪያ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ወረደ። ቀጥሎ በግራ። ከዚያ ግንባሬ ላይ መጣ።

«እማማ፣ ላብ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ላብ ነው።»

ጥቂት ነዳና ደግሞ ዞር አለ። «ላብዎ ጥሩ ይሸታል።»

ቤት ስገባ ጽጌና ኤርሚያስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሻሼን ፈታሁ። የወረቀቱ ከረጢት እንደ መስታወት ሆኖ ዲስኬቱ በውስጡ ይታያል። ኤርሚያስ በሁለት ጣቱ አነሣው። ቅቤ ጠብ አለ።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?» አለች ጽጌ።

«እኔ ምንም አላደረግኩትም! ያደረጉት ደጋጎች ናቸው!»

ኤርሚያስ ቢጠርገው፣ ቢያራግበው፣ ቢጸልይበትም ያው ነው። ያም ሆኖ ወስዶ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማሽኑ አጥንት እንዳነቀው ውሻ ሲያቃስት ቆየና ዝም አለ። ኤርሚያስ ቀሪውን ሰዓት ከማሽኑ አፍ ቅቤ ሲጠርግ ነው ያመሸው። ጽጌ ደግሞ ቤት ገብታ የልጆቹን ልብስ ከሣጥን እያወጣች ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈውን ልብስ ሳይ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እናት ግራ ሲገባት እጇ ያገኘውን ታደርጋለች፤ ራዲዮዬን የሚሸፍነውን ዳንቴል አውጥቼ አጠብኩት። ነገ ማሽኑ ድዳ ይሁን፤ ቢያንስ ራቁቱን አይታይ።

ጠዋት እንግዶቹ መጡ። እኛ የሴቶች ማኅበር እልል እንድንል ታዘን መስኮቱ አጠገብ ተሰልፈናል፤ ተከራዬም ጡሩምባውን ይዞ ተገኝቷል። ማሽኑ ዳንቴሌን ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ራሱ ላይ ተደርጎለት ተቀምጧል። ቬንቲሌተሩ ሲያራግበው ዳንቴሉ እፍ እፍ ይላል። ዋናው ጓድ ሪባን ቆርጦ ገባ፤ ዳንቴሉ ሲንቀሳቀስ አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፈርቶታል!

«ድንቅ ነው» አለ ከሩቅ። «የሰፊው ሕዝብ ሀብት ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝ።» ይህን ብሎ ለመውጣት ዞረ።

ሥራ አስኪያጁ ተነፈሰ። የጽጌ ፊት ደም መለሰ። አለቀ፤ ተረፍን። እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት?

ግን ሊሄድ መሆኑን ሳይ አንጀቴ ተቃጠለ። ለዚህ ሣጥን ነው ወለንጪቲ የሄድኩት? ለዚህ ነው ሞተር ላይ ተቀምጬ የተጠበስኩት? ለዚህ ነው ሰውዬው ቡናውን ያጣው? ማንም ክዳኑን ላያነሣ!

«ጓድ!» አልኩ በመስኮቱ። «ሳይከፍቱት ነው የሚሄዱት? ድስት እንኳ ክዳኑ ተነሥቶ ይታያል! ካልከፈታችሁት ለምን አመጣችሁት?»

ጡሩምባው ቆመ። ጽጌ አየችኝ። ዓይኗን ሳይ ነው፣ ያኔ ነው፣ ማሽኑ ባዶ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ዋናው ጓድ ተመለሰ። «እናት እውነታቸውን ነው» አለ። «ክፈቱት።»

ኤርሚያስ ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ መጋረጃ ገለጠው። ማብሪያውን ነካ። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። መስታወቱ ጥቁር ነው። ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ፣ ድርግም፤ ብልጭ፣ ድርግም ትላለች።

«ምን አለ?» አለ ጓዱ።

ሥራ አስኪያጁ ጽጌን አየ። ጽጌ ኤርሚያስን አየች። ኤርሚያስ ጣራውን አየ። ያ ልጅ አይዋሽም፤ በሆዴ «ዛሬ ብቻ፣ አንዲት ብቻ!» እያልኩ ለመንኩት።

«ምንም አላለም፣ ጓድ» አለ።

«ለምን?»

«የሚያዘው የለም። የሚያዘው እስኪያገኝ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ እንዲሁ ይጠብቃል።»

ጓዱ ሰረዟን ትክ ብሎ አያት። ብልጭ፣ ድርግም። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«ሰምታችኋል? ሳይታዘዝ አንዲት ቃል አይተነፍስም! በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ሠራተኛ ስንት አለ? ይህን ያሠለጠነው ማነው?»

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ወደ ጽጌ ቀሰረ፤ ጥፋቱን ለማሸከም ነው እንጂ ምስጋና መስሎት አይመስለኝም።

«ጓዲት፣ ከዚህ ማሽን ጎን እንዳትነሺ! ማንም እንዳያነሣት!»

ተጨበጨበ። ጡሩምባው ጮኸ። እኛም እልል እንድንል ምልክት ተሰጠን። ሴቶቹ ሁሉ እልል ሲሉ እኔ አፌን ከፍቼ ድምፅ አልወጣልኝም፤ ከንዴቴ ይሁን ከደስታዬ አሁንም አልለየሁትም። ያን ቀን ማታ የታጠፈውን ልብስ ራሴ ወደ ሣጥኑ መለስኩት።

በሳምንቱ ኤርሚያስ ራሱ ወለንጪቲ ሄዶ ሌላ ዲስኬት ይዞ መጣ። በእጁ! እንዲሁ እንደ ጋዜጣ ይዞት! ያው ፊናንስ ኬላው ላይ ጠየቀው አሉ፦ «ምንድን ነው?»

«ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ሲስተም ነው።»

«ቡና አይደለም?»

«አይደለም።»

«እለፍ።»

እለፍ! እኔ አናቴን የጠበስኩበትን ኬላ እሱ በሁለት ቃል አለፈው!

አዲሱ አዛዥ ገባ። ማሽኑ ፊደላችንን አወቀ፣ ጽጌም እየጻፈችበት ኖረች። ሲሞቅ ግን ቅቤ ቅቤ መሽተቱን አልተወም ይላሉ። ሠራተኞቹ ደብዳቤ ሲወጣ እያሸተቱ ይፈርሙ ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፦ መናገር ከጀመረ ወዲህ ማንም አላጨበጨበለትም።

የፊተኛው ዲስኬት እኔው ዘንድ ነው። የቅቤ ብርጭቆዬ ክዳኑ ተሰብሮ ስለነበር እሱን ከደንኩበት፤ ልክ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ፀሐይ አይመታው፣ አቧራ አይነካው፣ ማንም አያጥፈው። ያ መነጽራም ልጅ የነገረኝን አንድም አላጎደልኩም።